«የመጨረሻ» የሚባሉ 14 ሪፖርቶች

የምክር ዓምድ

«እትዬ፣ እንደምን ከረሙ? ደሴ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የዕቅድና ሪፖርት ባለሙያ ነኝ። ዕድሜዬ 34 ነው። የላፕቶፔ ዴስክቶፕ ከላይ እስከ ታች በፋይል ተሸፍኗል። ስልኬ ‹ቦታ የለም› ማለት ከጀመረ ሁለት ወር አለፈው። ቴሌግራም ላይ 41 ግሩፕ ውስጥ ነኝ። ሐምሌ ላይ ዞኑ የ2017ን ዓመታዊ ሪፖርት በአስቸኳይ ሲጠይቀኝ የ2016ን ላክሁ። ሁለቱም ‹ዓመታዊ ሪፖርት የመጨረሻ› ነው የሚሉት። ኃላፊዬ ሰው በተሰበሰበበት ሲነግሩኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። በኋላ ስቆጥር ‹የመጨረሻ› የሚል ስም ያለው 14 ሪፖርት አገኘሁ።

ጓደኞቼ ‹አጥፊውና ተገላገዪ› ይሉኛል። አልችልም። በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ ቢሯችን ተዘርፎ ኮምፒውተሮቹ በሙሉ ሄዱ። ስንመለስ የሠራተኛ ዝርዝር እንኳ ያገኘነው ከሰው ስልክ ላይ ለቅመን ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ፋይል ላጥፋ ስል እጄ ይንቀጠቀጣል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ደረሰኝ ስፈልግ፣ ማኅተም ባለባቸው ወረቀቶች ፎቶ መሃል የሟች አባቴን ፎቶ አገኘሁ። ቢሮ ውስጥ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ምን ይሻለኛል?

የቧንቧ ውሃዋ፣ ከደሴ»

እህቴ፣ አብሽሪ።

ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብሁት። መጀመሪያ የፋይል ጉዳይ መስሎኝ ነበር። ሁለተኛ ሳነበው «እጄ ይንቀጠቀጣል» ያልሽው ላይ ቆምሁ።

ጓደኞችሽ ለክፉ አይደለም «አጥፊው» የሚሉሽ። ግን ሕመምሽን አላገኙትም። አንቺ ዝርክርክ ሰው አይደለሽም። ዝርክርክ ሰው 14 ቅጂ አያስቀምጥም፤ አንዱንም አያስቀምጥም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው የሆነብሽ። የቢሮሽ ወረቀትና ኮምፒውተር በአንድ ጀንበር ሲሄድ ያየ ሰው፣ ደረሰኝም ስክሪንሹትም የስብሰባ ጥሪም ሰብስቦ ቢይዝ አይፈረድበትም። ወሎ ውስጥ እንዳንቺ የሚይዝ ብዙ ሰው አለ።

ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ብዙ ማስቀመጥና መጠበቅ አንድ አይደሉም። 14ቱም ቅጂ ያለው አንድ ላፕቶፕ ላይ ከሆነ፣ ላፕቶፑ የሄደ ቀን 14ቱም አብረው ይሄዳሉ። ላፕቶፑ ባይሄድም፣ ትክክለኛው የትኛው እንደሆነ ካላወቅሽ ፋይሉ ቢኖርም እንደሌለ ነው። ሐምሌ ላይ የደረሰብሽ ይኸው ነው። የ2017 ሪፖርት እጅሽ ላይ ነበር፤ ግን ጠፍቶብሽ ነበር።

እኔ ብዙ ዓመት መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። ያኔ ኮምፒውተር የለም፤ ካርቶን ፋይልና ትልልቅ መዝገብ ነው ያለን። ደብዳቤ ሲገባ ገቢ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፤ ሲወጣ ወጪ መዝገብ ላይ። ቀኝ ራስጌው ላይ ቁጥርና ቀን አለው። ዋናው አንድ ነው። የቀረው ግልባጭ ነው፤ ለማን ለማን እንደተገለበጠም ግርጌው ላይ ይጻፋል። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት «ደብዳቤ የመጨረሻ» ወይም «ደብዳቤ ትክክለኛው» ተብሎ የተሰየመ ወረቀት አላየሁም። ቁጥሩና ቀኑ ይበቃል። ኮምፒውተር ሲመጣ ይህን ጥሩ ልማድ ከካርቶኑ ጋር አብረን ጣልነው። እኔ የምልሽ መልሰሽ አንሺው ነው።

እንግዲህ ከዴስክቶፑ እንጀምር። አንድም ነገር አታጥፊ። አዲስ ፎልደር ክፈቺና «እስከ ሰኔ 2017» በዪው። ዴስክቶፑ ላይ ያለውን በሙሉ፣ ሳትመርጪ ሳታነቢ፣ እዚያ ውስጥ ክተቺው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። የጠፋ ነገር የለም፤ ሁሉም አለ። ነገ ጠዋት ላፕቶፑን ስትከፍቺ ግን ባዶ ገበታ ታያለሽ። ከዚያ አንድ ነገር ሲያስፈልግሽ ብቻ ከዚያ ፎልደር ፈልገሽ አውጪው፤ ስሙን አስተካክለሽ ቦታው አስገቢው። ያልተፈለገው እዚያው ይቀመጥ። ኦዲት አልፎ፣ ዓመቱ ዞሮ፣ አንዴም ያልነካሽው ከሆነ ያኔ እጅሽ ሳይንቀጠቀጥ ትወስኛለሽ። ባትወስኚም ግድ የለም፤ ቦታውን አውቀሽዋል።

ሰኔን የመረጥሁት በጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ስለሚዘጋ ነው። ሥራሽ የሚሽከረከረው ከሐምሌ እስከ ሰኔ ነው፤ ፎልደሮችሽም እንደዚያው ይሁኑ። «2018 በጀት ዓመት» ብለሽ አንድ ትልቅ ፎልደር፤ በውስጡ ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ ገቢ ደብዳቤ፣ ወጪ ደብዳቤ፣ ቃለ ጉባኤ። ከዚያ በላይ አታብዢው። ፎልደር በፎልደር ውስጥ እየከተቱ አምስት ደረጃ መውረድ ሌላ ጥፋት ነው።

አሁን ወደ ስም እንምጣ። ያንቺ ትልቁ ጣጣ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እቆያለሁ።

የፋይሉ ስም በቀን ይጀምር። ዓመት፣ ወር፣ ቀን፣ ከዚያ ጉዳዩ። ሰኔ 30 ቀን 2017 የተዘጋው ሪፖርት «2017-10-30 ዓመታዊ ሪፖርት» ይባላል። ወሩን በቁጥር ያልሁሽ በምክንያት ነው። የወር ስም ከጻፍሽ ኮምፒውተሩ በሀሁ ቅደም ተከተል ይደረድርልሻል። ያኔ ሐምሌ ከመስከረም ይቀድማል፤ መጋቢት ከመስከረም አጠገብ ይቆማል፤ ጥር ከጥቅምት በፊት ይመጣል። መስከረምን 01፣ ጥቅምትን 02 እያልሽ እስከ ጳጉሜን 13 ብትሄጂ ዓመቱ በተርታው ይሰለፋል። ከፊት ያለችውን ዜሮ አትተያት፤ እሷ ከሌለች ብዙ ቦታ ላይ 10 ከ2 በፊት ይገባል።

አንድ ማሳሰቢያ። ኮምፒውተሩ ራሱ ከፋይሉ ጎን የሚያሳይሽ ቀን የፈረንጅ ነው። ስሙ ላይ ያለው የኛ ነው። እነዚህን ሁለቱን አታደባልቂ። ዞኑም አለቃሽም የሚጠይቁሽ በኛ አቆጣጠር ስለሆነ ስሙ ላይ የኛን ብቻ ተጠቀሚ። ለውጭ ድርጅት የሚሄድ ከሆነ መጨረሻው ላይ «እ.ኤ.አ.» ብለሽ የነሱን ጨምሪበት።

«የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ ተዪው። ሪፖርት መጨረሻ የለውም፤ ኃላፊው አንብቦ «እዚህ ጋ አንድ ቁጥር አስተካክዪ» ይላል። በሱ ፋንታ ረቂቅ 1፣ ረቂቅ 2 በዪ። ተፈርሞ የወጣው ላይ ብቻ «የወጣ» ብለሽ ከነደብዳቤ ቁጥሩ ጻፊበት። ዞኑ ሲደውል የምትልኪው «የወጣ» የሚለውን ነው። ሌላውን አትነኪም።

ፊደልም አለ። ይህን ብዙ ሰው አያስተውለውም። አንቺ «ዓመታዊ» ብለሽ ትጽፊያለሽ፤ የሥራ ባልደረባሽ «አመታዊ» ይላል። አንቺ «የሰው ኃይል»፣ እሱ «የሰው ሀይል»፣ ሌላዋ «የሰው ሃይል»። ለዓይናችን አንድ ነው። ለኮምፒውተሩ ግን ሦስቱ የተለያዩ ቃላት ናቸው። «ኃይል» ብለሽ ስትፈልጊ «ሀይል» ያለበትን አያመጣልሽም። ፈልጌ አጣሁት ካልሻቸው ውስጥ ስንቱ በዚህ የተደበቀ እንደሆነ አስቢ። ስለዚህ ከቢሮው ልጆች ጋር ተነጋገሩና በብዛት የምትጽፏቸውን ቃላት በአንድ ፊደል ቁረጡ። ሥራ ወይስ ስራ፣ ዓመት ወይስ አመት፣ ሠራተኛ ወይስ ሰራተኛ። ትክክለኛው የቱ ነው ብላችሁ አትከራከሩ፤ ክርክሩ አያልቅም። አንዱን ያዙ፤ በወረቀት ጽፋችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉት።

የቆዩ ፋይሎች ካሉሽ፣ በድሮው የግዕዝ ፎንት የተጻፉት፣ ውስጣቸው ያለው ጽሑፍ በፍለጋ አይገኝም። ፎንቱ በሌለበት ኮምፒውተር ላይ ከተከፈቱም ትርጉም የሌለው ምልክት ነው የሚሆኑት። የሚያስፈልጉሽን ፎንቱ ያለበት ኮምፒውተር ላይ ከፍተሽ ፒዲኤፍ አድርጊያቸው። ስማቸውን በደንብ ከሰየምሽ ቢያንስ በስማቸው ይገኛሉ።

ቴሌግራም። ሥራችን ሁሉ በሱ መሆኑን አውቃለሁ። «በቴሌግራም ላኪልኝ» የማይል ኃላፊ የለም። ኔቱ ደካማም ቢሆን ያልፋል፤ ትልቅ ፋይልም ይሸከማል። በዚህ አልነቅፈውም። ግን ቴሌግራም መንገድ ነው፤ ጎተራ አይደለም። የላከልሽ ሰው ካንቺም ስልክ ጭምር ሊያጠፋው ይችላል። ግሩፑን የከፈተው ሰው ግሩፑን ከዘጋው ያለው ሁሉ አብሮ ይሄዳል። አንድ ነገር በቴሌግራም ሲመጣ በዚያው ቀን አውርጂው፤ ስም ስጪው፤ ቦታው አስገቢው። ላፕቶፕሽ ላይ ዳውንሎድ የሚለውን ፎልደር ክፈቺና ቴሌግራም ዴስክቶፕ የሚል ሌላ ፎልደር ታገኛለሽ። ያወረድሽው ሁሉ እዚያ ተከማችቷል። ስማቸው አንድ ሆኖ ጎናቸው ላይ 2፣ 3፣ 4 የሚል ቁጥር በቅንፍ የተለጠፈባቸው ካሉ፣ ያንኑ አንዱን ፋይል ደጋግመሽ አውርደሽ ሊሆን ይችላል።

የስልክሽ ቦታ ጉዳይ ከምታስቢው ይቀላል። ቴሌግራም ሴቲንግ ውስጥ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ፣ ከዚያ ስቶሬጅ ዩሴጅ ግቢ። ስንት ጊጋ እንደያዘብሽ ያሳይሻል። እዚያ ላይ ያለውን ካሽ፣ ማለትም ስልክሽ ላይ የተቀመጠውን ጊዜያዊ ቅጂ፣ ብታጸጂ ከስልክሽ ላይ ብቻ ነው የሚነሳው። መልእክቱ አለ፤ ፎቶው ስትነኪው እንደገና ይወርዳል። ምንም አያጠፋብሽም፤ ለዚህ እጅሽ አይንቀጥቀጥ። ለሚቀጥለው እንዳይሞላ ደግሞ ቪዲዮና ፎቶ በራሱ እንዳያወርድ አድርጊው። ፓኬጅሽም ይተርፍልሻል።

41 ግሩፕ ብለሻል። ሁሉንም ውጪ አልልሽም። የቅሬው፣ የእድሩ ማለቴ ነው፣ ግሩፕ ድምፁ ይከፈት። ለቅሶ ሳይሰሙ መቅረት በኛ አገር ትልቅ ነውር ነው፤ ማንም «ስልኬን ሚዩት አድርጌው ነው» ቢል አይሰማውም። የቅርብ ቤተሰብም እንደዚሁ። የሥራ ግሩፖችሽን በአንድ ፎልደር ሰብስቢያቸው፤ ቴሌግራም ይህን ይፈቅዳል። የቀረውን፣ የሸቀጡን፣ የቀልዱን፣ የድሮ ሥልጠናውን፣ ሚዩት አድርገሽ ወደ አርካይቭ ጣይው። ሚዩት ሳታደርጊ አርካይቭ ካደረግሽው አዲስ መልእክት በመጣ ቁጥር ተመልሶ ፊትሽ ይደቀናል። ሁለቱንም አድርጊ።

ወደ ፍርሃትሽ ልመለስ። ስም ማስተካከልና ግሩፕ ማጽዳት ብቻ ፍርሃትሽን አያነሳውም። የ2014 ጥቅምት ቢደገምስ የሚለው ጥያቄ መልስ ይፈልጋል።

ፎቶ ማንሳት ሥራቸው የሆኑ ሰዎች የሚይዙት አንድ ደንብ አለ። ሦስት ቅጂ፣ ሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቦታው ውጭ። ላፕቶፕሽ አንድ ነው። ኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ወይም ፍላሽ ሁለተኛው ነው። ፍላሹን ግን ከላፕቶፑ ጋር በአንድ ቦርሳ አትያዢው። ቦርሳው የጠፋ ቀን ሁለቱም ጠፉ ማለት ነው። ሦስተኛው ከደሴ ይውጣ። «ኮምቦልቻ ዘመድ ጋ ላስቀምጠው» ብትዪ እኔ አልስማማም። ኮምቦልቻ ቅርብ ነው፤ ያኔ ጦርነቱ ሁለቱም ከተሞች የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበር። ራቅ ያለ ቦታ ይሁን፤ ወይም ጎግል ድራይቭ፣ ኢንተርኔት ላይ ያለው ማስቀመጫ፣ ላይ ይሁን። ድራይቭ ብቻውን ግን አይበቃም። ኔት ስንት ወር ሊጠፋ እንደሚችል እኔና አንቺ አይተናል።

ይህ የፈረንጅ ብልሃት እንዳይመስልሽ። ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሄጂ ሐይቅ እስጢፋኖስ አለልሽ። አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል እዚያ ተጠብቆ ኖሯል። የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝርም በዚያው ወንጌል ላይ ሰፍሮበታል። ያን ዘመን የነበሩ አባቶች መጽሐፉን ማስቀመጥ ብቻ አልበቃቸውም፤ ምን ምን እንዳላቸው ጽፈው አኖሩ። ከ50 ዓመት ገደማ በፊት ደግሞ ወንጌሉ በማይክሮፊልም ተነሳ። የፊልሙ ቅጂ አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዱ አሜሪካ ሚኒሶታ ተቀመጠ። ዋናው ቦታው፣ ዝርዝሩ ተጽፎ፣ ቅጂው ሩቅ አገር። አንቺም አንድ ተራ ኤክሴል ክፈቺና ዝርዝር ጻፊ። ምን ሰነድ፣ ዋናው የት እንዳለ፣ ቅጂው የት እንዳለ። አንድ ገጽ ይበቃል። በወረቀትም አትመሽ መሳቢያሽ ውስጥ አኑሪው።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። የሠራተኛ ዝርዝር የሰው ገመና ነው። ደሞዝ አለበት፤ የባንክ ሒሳብ አለበት፤ የሕመም ፈቃድ አለበት። ይህን በግል ጂሜይልሽ ላይ አትጫኚው። አገራችን የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አላት። ኃላፊሽን በጽሑፍ ጠይቂ። «መረጃው ዳግም እንዳይጠፋ በመሥሪያ ቤቱ ስም በተከፈተ አካውንት ቅጂ ይቀመጥ» በዪ። ከ2014 በኋላ ይህን እምቢ የሚል ኃላፊ ይኖራል ብዬ አላምንም። ፍላሹንም ኮድ አድርጊበት። የጎግል ነጻው ቦታ 15 ጊጋ ብቻ መሆኑንም አትርሺ፤ እሱንም ኢሜይሉ፣ ድራይቩና ፎቶው ይጋሩታል። በፎቶ ከሞላ ኢሜይልም መግባት ያቆማል፤ ዞኑ የላከውም አይደርስሽም።

ቅጂ የምታደርጊበት ቀን ይኑርሽ። ዓርብ ከ11 ሰዓት እስከ 11 ተኩል ብታደርጊው ጥሩ ነው። የጁምዓው ረጅም እረፍት አልፎ፣ ሰው ለመውጣት ሲሰናዳ፣ ቢሮው ፀጥ ይላል። የሳምንቱን ወደ ሃርድ ዲስኩ አስገቢና ውጪ።

ስለ ሰዓት አጠቃቀምሽ ብዙ አልልም፤ ግማሹ ከላይ ባለው ይስተካከላል። አንድ ነገር ብቻ። ጠዋት ከ2 ተኩል እስከ 4 ሰዓት ቴሌግራም አትክፈቺ። ሪፖርት የሚጻፈው በዚያ ሰዓት ነው። ኃላፊሽን ቀድመሽ አስታውቂያቸው። ተቆጡኝ ብለሽ አትሽሺ። ገብተሽ፣ በአክብሮት፣ እንዲህ በያቸው፦ «ጋሼ፣ የሐምሌው ስህተት እንዳይደገም አሠራሬን አስተካክያለሁ። ጠዋት ሪፖርት ላይ ነኝ፤ ቴሌግራም በ4 ሰዓትና በ9 ሰዓት አያለሁ። አስቸኳይ ከሆነ ይደውሉልኝ፤ ወዲያው አነሳለሁ።» አዲሱን አሰያየምም አሳያቸው። ሰው ፊት የተናገሩሽ ሰው፣ ሥራሽን ሲያዩ ሰው ፊት ያመሰግኑሽ ይሆናል። ባያመሰግኑም አንቺ ቀና ብለሽ ትገቢያለሽ።

የአባትሽን ፎቶ ግን ለዓርብ አታቆዪው። ሪፖርቱም ዴስክቶፑም ይቆይ፤ በሱ ጀምሪ። ዛሬ ማታ፣ ከቡናው በኋላ፣ ብቻሽን ስትሆኚ ስልክሽን ያዢ። ከማኅተሙና ከደረሰኙ መሃል የአባትሽን ብቻ እየለቀምሽ በስማቸው አንድ አልበም ክፈቺላቸው። ብታለቅሺም አልቅሺ። ነገ ፒያሳ ካሉት ፎቶ ቤቶች አንዱ ጋ ወስደሽ ሁለት አሳትሚ። አንዱን ቤትሽ ስቀዪው። ሌላውን፣ ከጀርባው ስማቸውንና ቀኑን ጽፈሽ፣ ከደሴ ራቅ ብሎ ለሚኖር ዘመድሽ ላኪው።